ቀበሮና ከበሮ

ሐሙስ ማታ

አምስት ዓመት የሆነው ልጄ ፊደል ቆጥሯል። ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ያለማቋረጥ ይወርደዋል፤ 33ቱን ቤቶች እያንዳንዳቸውን በሰባት ድምፅ፣ በጠቅላላው 231 ፊደላት። ባለፈው ወር ግን ጣቴን «ሮ» ላይ አሳርፌ «ይህ ማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ። ቆይቶ በሹክሹክታ «ረ፣ ሩ፣ ሪ፣ ራ...» እያለ ቆጥሮ ደረሰበት። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያውቀውም ነበር። ደነገጥሁ።

አባቴ ስነግረው አልተገረመም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። «አቡጊዳ ለዚህ አይደል የተሠራው?» አለኝ። የኔታ ሀሁን ካስጨረሱ በኋላ ፊደሉን በሌላ ሰልፍ፣ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያሉ እንደ አዲስ ያስቆጥሯቸው ነበር፤ አፍ የሸመደደውን ዓይን እንዲለየው።

እኔ ግን ሌላ ገበታ ልጨምርበት አልፈለግሁም። ልጄ ግጥም ይወዳል። ሲተኛ ቤት የሚመታ ነገር ከነገርሁት የመጨረሻዋን ቃል ቀድሞኝ ይላታል። ስለዚህ ነጭ ወረቀት አጥፌ በክር ሰፋሁና ሥዕል ሣልሁበት። የመጀመሪያው ገጽ ይኸው፦

ዶሮ ወጣች ጓሮ፣
ብታይ አንድ ቀበሮ፣
ይመታል ከበሮ፣
እስኪያማት ጆሮ።

ስጽፈው ነው ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው የኖርሁትን ነገር ያየሁት። ግጥም «ቤት መታ» እንላለን፤ ረ፣ ሩ፣ ሪንም «የረ ቤት» እንላቸዋለን። በእንግሊዝኛ ቤት የሚመቱ ቃላት ሲጻፉ ብዙ ጊዜ መጨረሻቸው ይለያያል። በእኛ ግን ጆሮ የሰማትን «ሮ» ዓይን እዚያው መስመሩ ጫፍ ላይ ያገኛታል። እርግጥ «ሰ»ና «ሠ»፣ «ሀ»ና «ሐ» ያስቸግራሉ፤ ፀሐይን ለጊዜው ያቆየኋት ለዚህ ነው። «ሮ»ን በቀይ ቀለም ጻፍኋት። በሁለተኛው ምሽት ልጄ አራቱንም በጣቱ ነካቸው፤ ሳልጠይቀው።

ከዚያ ድመትና ወተት መጡ፣ ሌሎችም ገጾች ተከተሉ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። ይህም አዲስ ዜማ ሆኖበት ቢሆንስ? በቃሉ እየወረደው ቢሆንስ?

ዛሬ ማታ ሥዕል የሌለው ገጽ ጻፍሁና ሁለት ቃላት አቀያየርሁ። «ዶሮ ወጣች ጓሮ» ብሎ በፍጥነት ጀመረ። ሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ጣቱ «ከ» ላይ ቆመ። ቅንድቡን ሰበሰበ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁት።

«እማዬ፣ ተሳስተሻል!»

«የተጻፈውን አንብብልኝ።»

«ብታይ አንድ... ከበሮ፣ ይመታል... ቀበሮ!» አልጋው ላይ በሳቅ ተንከባለለ። እኔ እንባዬ መጣ።

አሁን ተኝቷል። ከመተኛቱ በፊት እርሳሱን ተቀብሎኝ እጅ ያወጣ ከበሮ ሣለ፤ ቀበሮው ጆሮውን ይዞ ይሮጣል። ነገ ከሌሎቹ ገጾች ጋር እሰፋዋለሁ።