ስሜ ተፍቋል ብዬ 27 ዓመት ኖርሁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። በ2011 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ በገብር ኄር ሰንበት ሌሊት፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተንበርክኬ አንድ ነገር ለመንሁ፤ ከሰማኸኝ ለሰው እናገራለሁ ብዬም ቃል ገባሁ። ሰማኝ። ለቅርብ ሰዎቼ ወዲያው ተናግሬአለሁ። በጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ አዘገየሁት፤ ታሪኩን ሳላጎድል ለመናገር የአባቴን ጥፋት መናገር ግድ ስለሚል ነው። አሁን እርሳቸው ራሳቸው «ጻፊው፣ አትሸፋፍኚው» ብለው ፈቅደውልኛል።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ቅኔውን ዋሸራ ተምረው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ብቸና አካባቢ ተመለሱ፤ እኛ ሰባቱን ልጆች ያሳደጉን በብዕራቸው ነው። የፍየል ቆዳ ወጥረው ይፍቃሉ፤ ሲደርቅ በወስፌ ያሰምራሉ፤ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ያዘጋጃሉ፤ መቃውን ይቀርጻሉ። ሁለት ቀንዶች ከጎናቸው መሬት ላይ ተተክለው ይቆማሉ፤ አንዱ ጥቁር ቀለም፣ አንዱ ቀይ የያዘ ነው። ቀዩ ለጌታችንና ለእመቤታችን ስም፣ ለቅዱሳን፣ መጽሐፉን ላጻፈው ሰውም ስም ነው። ሲሳሳቱ ደግሞ በትንሽ ካራ ስሕተቱን ይፍቁታል። ፊደሉ ከብራናው ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ቤታችን የጸሎት ቤት ነበር ማለት እችላለሁ። ዶሮ ሳይጮኽ እንነሣለን፤ ውዳሴ ማርያም ቆመን በቃላችን እናደርሳለን፤ አንዲት ቃል የሳተ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከሰባት ዓመታችን ጀምሮ እንጾማለን፤ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ዓርብ ቀን ድምፅ አውጥቶ መሳቅ ነውር ነበር። ክፉ ብቻ ነበር ግን አልልም። ሌሊት አባቴ ዳዊት ሲደግሙ ድምፃቸውን እየሰማሁ እንቅልፍ የወሰደኝ ልጅ ነኝ፤ ዛሬም ከዚያ ድምፅ የሚበልጥ ዜማ አላውቅም። የቸገረኝ በዚያ ሁሉ ጸሎት ውስጥ ለእኔ የቀረልኝ አምላክ ካራ የያዘ አምላክ መሆኑ ነው።

1984 ዓ.ም. ነው፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሁዳዴ ገብቷል። እናቴ ገበያ ሄዳ የዓመት ልጅ የነበረውን ወንድሜን እኔ እጠብቃለሁ። ወተቱን አሙቄ ወደ ኩባያው ስገለብጥ አረፋው ጠርዙ ላይ ቀረ። በጣቴ ጠረግሁትና ጣቴን ወደ አፌ ወሰድሁ። ያደረግሁት ይኸው ነው። ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆመዋል።

እጄን ይዘው ወደሚጽፉበት ቦታ ወሰዱኝ። የጀመሩትን ብራና አነሡ፣ ካራውን አነሡ፣ አንድ የተሳሳተ ቃል እያየሁ ፋቁት። ብናኙን እፍ አሉት። «አየሽ? ስምሽም ዛሬ ከሕይወት መጽሐፍ እንዲህ ተፋቀ» አሉኝ። ከዚያ 100 ስግደት አዘዙኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ የካቲት 16 ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ በቤተ ክርስቲያን የበላኤ ሰብእ ታሪክ ሲነበብ ሰምቼ ነበር። 78 ሰው የበላው ያ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለተጠማ ድኃ ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ ነፍሱ እንደ ዳነች። የልጅ አእምሮዬ ይህን ይዞ ነበርና ስግደቱን ሳልጀምር ጠየቅሁ፦ «አባባ፣ እርሱ ይህን ሁሉ ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ ከዳነ፣ እኔ ጣቴን ስለላስሁ ለምን እጠፋለሁ?»

ድፍረት አልነበረም። እውነቴን ነው፣ መልሱን ፈልጌ ነበር። አባቴ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ከመሪጌታ ቤት ተወልደሽ ትከራከሪያለሽ?» አሉና ስግደቱን 200 አደረጉት። እስከ 140 መቁጠሬን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄ በአፌ መጠየቅ አቆምሁ፤ በውስጤ ግን አላቆምሁም። በጉርምስናዬ የሴትነቴ ጊዜ ሲመጣ ከቅጽሩ ውጭ ቁሚ ሲሉኝ፣ «የተፋቀ ሰው ቦታው ይኸው ነው» እል ነበር ለራሴ። በደብረ ዘይት ሰንበት ስለ ዳግም ምጽአት ሲሰበክ እጄን በእጄ ጨብጬ ስሜን በልቤ እጠራለሁ፤ ወለተ ኪዳን፣ ወለተ ኪዳን፣ እያልሁ፤ ማን እንደሚሰማኝ ሳላውቅ።

በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እዚያ ያላነበብሁት አልነበረም። ሁለተኛ ዓመት ስደርስ «እግዚአብሔር የለም» የምትል ተማሪ ሆንሁ። አንድ የሁዳዴ ረቡዕ ካፌ ገብቼ ሆን ብዬ ማኪያቶ አዘዝሁ። ሲመጣ አረፋውን አየሁት። እጄ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ማንኪያው ብርጭቆውን እየመታ ይንጫጫ ነበር። ያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ፤ እምነቱ ከእኔ ሲሄድ ፍርሃቱ አብሮት አልሄደም። የለም ያልሁት አምላክ ይቀጣኛል ብዬ እፈራ ነበር። በክረምት መብረቅ ሲጮኽ አልጋ ሥር የምገባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ ያደገ ሰው የምለውን ያውቀዋል።

አገባሁ፤ በ2003 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለድሁ። ባለቤቴ አማኝ ነውና በ80 ቀኗ ክርስትና አስነሣናት። የክርስትና እናቷ ይዛት ገባች፤ እኔ በደጀ ሰላሙ ቀረሁ። ልጄ በዚያች ዕለት ሥጋውንና ደሙን ተቀበለች። እኔ የወለድኋት እናቷ ከልጅነቴ ወዲህ አልቆረብሁም። በዚህ ብቸኛ አለመሆኔን አውቃለሁ። በየቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ሕፃናቱና አረጋውያኑ ወደ ቍርባኑ ይቀርባሉ፤ በመካከል ያለነው ነጠላችንን ተከናንበን ዛፍ ሥር እንቆማለን። ብዙዎቻችን የቀረነው ንቀን ሳይሆን ፈርተን ነው። ይህ ነገር ያሳዝነኛል፤ ሳልናገረው ማለፍ አልችልም።

እንግዲህ ወደዚያች የገብር ኄር ሰንበት ልምጣ። ከልጄ ጋር ሄጄ በግቢው እንደ ልማዴ ዛፍ ሥር ቆሜአለሁ። በድምፅ ማጉያው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ይሰበካል፤ ጌታው አምስት፣ ሁለትና አንድ መክሊት የሰጣቸው አገልጋዮች ታሪክ። በልጅነቴ በቃሌ የማውቀው ነው። ሁልጊዜ የሚሰበከው ሦስተኛው ሰው ሰነፍ ስለመሆኑ ነበር። በዚያ ቀን ግን ሰውየው ራሱ የተናገረው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባ፦ «ጨካኝ ሰው መሆንህን አውቃለሁ፤ ፈራሁም።» መክሊቱን የቀበረው ጌታውን ጨካኝ አድርጎ ስላሰበው ነበር። ጉልበቴ ከዳኝና የዛፉን ግንድ ያዝሁ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ወደ እኔ መጣች። ስምንት ዓመቷ ነው። ጎረቤት ሄዳ የወተት ብስኩት በልታለች፤ ጾም መሆኑን ረስታ ነበር፤ ያስታወሰችው ከበላች በኋላ ነው። እያለቀሰች ነገረችኝ። አፌን ከፈትሁና «ስምሽ…» አልሁ።

እዚያ ላይ ቆምሁ። ከአፌ የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም፤ የአባቴ ነበር። ልጄ ዓይኖቿን ተክላብኝ የቃሉን ቀሪ ትጠብቃለች። አቅፌአት አብሬአት አለቀስሁ። ምን እንዳስለቀሰኝ አላወቀችም።

ማታ ሁሉም ሲተኛ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ለዓመታት አልጸለይሁም ነበርና በምን ቃል እንደሚጀመር ጠፋኝ። እንዲህ አልሁ፦ «ካለህ ስማኝ። ስሜ ተፍቆ እንደሆነ ንገረኝና ይቁረጥልኝ። ካልተፋቀም በዓይኔ አሳየኝ። ይህን ፍርሃት ለልጄ አላወርስም።» ከዚያ ስለቱን ተሳልሁ።

ምንም አልሆነም። ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። በግንቦት እናቴ ደወለች፤ የአባቴን ዓይን ሞራ ሸፍኖት መጻፍ ከተዉ ቆይተዋል፣ አሁን ደግሞ ማንበብ አቃታቸው፤ «ጸሎቴን የሚያነብልኝ አጣሁ እያሉ ያለቅሳሉ፣ ነይ» አለችኝ። በማግስቱ ተነሣሁ። የአባይን በረሃ ወርጄ፣ ደጀን ላይ መኪና ቀይሬ፣ ሲመሽ ደረስሁ።

አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፄን ሰምተው እጃቸውን ወደ አየሩ ዘረጉ። ያ የፊደል እጅ ይንቀጠቀጣል። እራት ከተበላ በኋላ ከማኅደሩ ትንሿን የጸሎት መጽሐፋቸውን አወጡና ሰጡኝ። ይህችን መጽሐፍ ሌላ ሰው ሲነካት አይቼ አላውቅም፤ ልጆች ሳለን እንዳንቀርባት ታዘናል። «ንባብ አልጠፋሽም?» አሉኝ። ግእዙን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ አልጠፋኝም።

በባትሪ ብርሃን ማንበብ ጀመርሁ። ሁለተኛው ጸሎት መጨረሻ ላይ፣ የጸሎቱ ባለቤት ስም በሚገባበት ቦታ፣ በቀይ ቀለም እንዲህ ይላል፦ «ዕቀባ ለአመትከ ወለተ ኪዳን።»

አገልጋይህን ወለተ ኪዳንን ጠብቃት።

ዝም አልሁ። አባቴም ዝም አሉ። ቅጠሉን ገለጥሁ፤ በሚቀጥለውም ጸሎት መጨረሻ አለ። በሚቀጥለውም። 11 ቦታ ቆጠርሁ። ከእኅቶቼ አንዷም ወለተ ኪዳን አትባልም። ቀለሙ የቅርብ ጊዜ አይደለም፤ ደብዝዟል፣ ስሙ ያለበት ቦታ በጣት ብዛት ጠቁሯል። ባትሪውን ከቅጠሉ ጀርባ ሳደርገው ብራናው እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። የተፋቀ ነው። በአንደኛው ቦታ ፍቀቱ አልጠራ ኖሮ ከስሜ ሥር የጥንቱ ፊደል ጥላ ይታያል፦ «ገብረ»። «ዕቀቦ» የነበረው ቦው ባ ሆኗል፤ «ለገብርከ» የነበረው «ለአመትከ» ሆኗል። አባቴ የፋቁት የራሳቸውን ስም ነበር።

«አባባ፣ ይህ መቼ ተጻፈ?»

«ወተቱን የላስሽ ዕለት ሌሊት» አሉ፤ ሳያመነቱ፣ ጥያቄውን ለዓመታት ሲጠብቁት እንደኖሩ ሰው። «እንቅልፍሽ ውስጥ እንኳ ትሰግጂ ነበር። ግንባርሽን ወደ መደቡ ስትመቺ አየሁ። ኩራዙን አበራሁ። ተናግሬ የፋቅሁትን ስም ጽፌ ልመልሰው ብዬ ባዶ ቦታ ፈለግሁ፤ አልነበረም። የእኔ ስም ያለበትን ፋቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ብዙ ቆዩ። «አፈርሁ» አሉ።

ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም። አባቴ ያደረጉት ትክክል ነበር ብዬ አልጽፍም፤ እርሳቸውም አይሉም። እርሳቸውም ያደጉት በአለንጋና በገሃነም ወሬ ነው፤ ልጅን በእግዚአብሔር መንገድ የሚያቆም ሌላ አጥር ያለ አይመስላቸውም ነበር። ነገር ግን በቀይ ቀለም የጻፉትን አንድ ቀን በአፋቸው ቢነግሩኝ ኖሮ እነዚያ ዓመታት ሌላ ይሆኑ ነበር። ይህን የሚያነብ አባት ካለ፣ እባክዎ ይንገሩት፤ ልጅዎ መጽሐፍዎን ገልጦ አያይም።

አንዳንዶች «አባትሽ የጻፉት ከ27 ዓመት በፊት ነው፤ ይህ የጸሎት መልስ ይባላል?» ብለውኛል። እኔ የማውቀው በዓይኔ አሳየኝ ብዬ መለመኔንና በዓይኔ ማየቴን ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም «ሳይጠሩ እመልስላቸዋለሁ» ያለው አለ። ሌሎች ብዙ ጥያቄዎቼ አሁንም አልተመለሱም፤ አብሬአቸው እጸልያለሁ። ፍርሃቱ ግን ተነሥቶልኛል። በዚያው ክረምት መብረቅ ሲጮኽ መስኮት ከፍቼ ዝናቡን ያየሁበትን ምሽት አልረሳውም።

አባቴን አዲስ አበባ አምጥቼ ሞራው ተነሣላቸው። እኔም ንስሐ አባት ያዝሁ፤ የሸመገሉ ካህን ናቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ማኪያቶውንም፣ የለህም ያልሁበትንም። ከባድ ቀኖና እየጠበቅሁ አንገቴን ደፋሁ። «27 ዓመት ራስሽን ስትቀጪ ኖረሻል፤ እኔ በዚህ ላይ ምን ልጨምር?» አሉና ለሰባት ሌሊት መዝሙር 22ን እንዳነብ ብቻ አዘዙኝ፦ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም።

በፍልሰታ፣ ነሐሴ ላይ፣ 18 ሰዓት ጾሜ ከልጄ ጋር ተሰለፍሁ። ዛፌን አልፌ ስገባ ዞሬ አየሁት፤ ሌሎች እኅቶቼ ሥሩ ቆመዋል። ቆርበን ስንወጣ ልጄ አፏን በነጠላዋ ሸፍና በዓይኗ ትስቅልኝ ነበር።

ቤት ደርሰን ጥቂት ከቆየን በኋላ ስልኩ ጠራ፤ አባቴ ናቸው።

«ቆረብሽ?»

«ቆረብሁ፣ አባባ።»

መልስ አልሰጡኝም። ስልኩን ለእናቴ ሲያቀብሏት ሰማሁ፤ ከዚያ እልልታዋ መጣ።