ለወንድሟ ቀብር ያልተፈቀደው ለአማካሪው ተፈቀደ?

በግንቦት 2012 (እ.ኤ.አ. ሜይ 2020)፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ የያኔው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የቦሪስ ጆንሰን አማካሪ የነበረው ዶሚኒክ ከሚንግስ የሰጠውን መግለጫ እስከ መጨረሻው አየሁት። ደሜ ፈላ! ሕዝቡ ከቤት አትውጡ ተብሎ ሳለ ከለንደን ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ እስካለችው ደርሃም ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ፣ አልጸጸትም አለ፤ እኔና ሚስቴ ከታመምን ልጄን ዘመድ ይጠብቅልኛል ብዬ ነው ሲል። ደርሃም አቅራቢያ ወዳለችው ባርናርድ ካስል ከተማ የሄደውም ከሕመሙ በኋላ ዓይኑ ለመንዳት ይችል እንደሆነ ሊሞክር ነው አለ፤ ያውም ሚስቱንና ልጁን ጭኖ።

ባርናርድ ካስል የሄደበት እሁድ፣ ሚያዝያ 4፣ ለእኛ ሆሳዕና ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ ቅዳሴውን በስልክ ተከታተልን። ጎረቤታችን ደግሞ እሷም ታማ ስለነበር የወንድሟን ቀብር ያየችው በቪዲዮ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሶፋው ላይ ብቻዋን። ለቅሶ እንኳ ገብተን አልተቀመጥንም፤ ምግቡን በሯ ላይ አኑረን በመስኮት አልቅሰን ተመለስን።

ለልጁ መጨነቁ ይገባኛል። እሷስ ወንድሟ አልነበረም እንዴ? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያኔውኑ ሊያሰናብተው ይገባ ነበር!