«አቤት»ን እንዴት ሠራሁት

«አቤት» የተባለውን የራፕ አልበሜን የጀመርኩት በንዴት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 መጨረሻ ላይ እስራኤል፣ ሆሎን ከተማ ውስጥ አንድ የእኛ ልጅ፣ ቤተ እስራኤል፣ የወታደር ልብሱን እንደለበሰ በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። በሳምንቱ ቴል አቪቭ፣ ራቢን አደባባይ ሰልፍ ወጣን። ሲመሽ ፈረሰኛ ፖሊስ መጣ፣ ውሃ ተረጨ፣ የድምፅ ቦምብ ተወረወረ። ያኔ 33 ዓመቴ ነበር። ቤት ስገባ ጆሮዬ እየጮኸ ነው። ቁጭ ብዬ እስኪነጋ ስድስት ግጥም ጻፍኩ።

ከስድስቱ አንዱም አልበሙ ውስጥ የለም። በማግስቱ ሳነባቸው ስድብ ብቻ ናቸው። ስድቡ ይገባቸው ነበር፤ እሱን አልክድም። ግን እኔ የማውቀው ነገር፣ እኛ ቤት የሆነው ነገር፣ አንድም መስመር ውስጥ የለም። የተናደደ ሰው ሁሉ ሊጽፈው ይችላል።

እኛ ቤት የሆነው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ እስራኤልን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባመጣው የሰሎሞን ዘመቻ ስንገባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከጎንደር ወርደን አዲስ አበባ የእስራኤል ኤምባሲ አካባቢ ወደ አንድ ዓመት ጠብቀናል። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው አነሱ። እኔ ትዝ የሚለኝ የአባቴ ነጭ ጋቢና የአውሮፕላኑ ወለል ነው፤ ወንበሩ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጥነው። ትምህርት ቤት በገባሁ ቀን ስሜን ቀየሩት። አባቴ ምንም አላለም። ለብዙ ዓመት ይህን ዝምታ እንደ ሽንፈት ነው ያየሁት።

ከዚያ 1996 መጣ። ማዓሪቭ ጋዜጣ የኢትዮጵያውያን ደም በስውር እንደሚደፋ አወጣ። ለጋሹን አመስግነው ደሙን ይወስዳሉ፤ በሽታ አለበት ብለው ፈርተው ይጥሉታል። ታላቅ ወንድሜ ያኔ ወታደር ነው፣ ሁለት ጊዜ ለግሷል። በጥር መጨረሻ ወደ አሥር ሺህ ሰው ኢየሩሳሌም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወጣ። እኔም ነበርኩ። እጄን ይዞ የወሰደኝ ያው ዝም ይላል የምለው አባቴ ነው። በአስለቃሽ ጭሱ መሃል ሆኖ በሙሉ ድምፁ «አቤት!» ሲል ሰማሁት። ለማን እንደሆነ አላውቅም። ለእግዚአብሔርም ለመንግሥትም ይሆናል።

የአልበሙ ስም ከዚያ ነው። ትልቅ ሰው ሲጠራህ «አቤት» ትላለህ፤ ስትበደልም ዳኛ ፊት ቆመህ «አቤት» ትላለህ። መታዘዝም አቤቱታም በአንድ ቃል። የወላጆቼ ትውልድ ሁለቱንም ሲል ነው የኖረው፤ እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የምሰማው።

ስለ አሠራሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ በዕብራይስጥ ብቻ ነበር የምጽፈው። ወደ አማርኛ ስመጣ ያልጠበቅኩት ችግር ገጠመኝ፦ ቤት መምታት በጣም ቀላል ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሁሉም መስመር «ነው»፣ «አለ»፣ «መጣ» እያለ ያልቃል። ወረቀት ላይ ያምራል፣ ቢት ላይ ሲሆን ግን ያሰለቻል። መፍትሔውን ያገኘሁት የድሮ ፉከራና ቀረርቶ ደጋግሜ ሳዳምጥ ነው። ፎካሪው የመስመሩን መጨረሻ ብቻ አይጠብቅም፤ መሃሉን ይመታል፣ ትንፋሹን ሰብሮ ያስደነግጥሃል። እኔም ቤት መምቻውን ወደ መስመሩ መሃል ገፋሁት፣ ግሱን ወደፊት አመጣሁት። ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ለአማርኛ ራፕ ጀማሪ አንድ ነገር ብቻ ምከር ብትሉኝ ይህንን ነው የምመክረው።

ሌላው ሰምና ወርቅ ነው። ስለ ደሙ የጻፍኩት ዘፈን አሥር ገጽ ነበር፤ ሁሉንም ጥዬ አንድ መስመር አስቀረሁ፦ «ሳይደሙ አይገኝም እዚህ አገር ዘመድ»። ሰሙ፣ እዚህ አገር ደምህን ካላፈሰስክ ማንም ዘመዴ አይልህም ነው። ወርቁ «ሳይ፣ ደሙ አይገኝም» ነው። ሄጄ ሳይ፣ የሰጠሁት ደም የለም፤ ተደፍቷል። ወንድሜ ስቱዲዮ ውስጥ ሲሰማው ወዲያው ገባው። ተነስቶ ወጣና መኪናው ውስጥ ብዙ ቆየ።

ስቱዲዮ ያልኩት የሰፈራችንን ሚክላት ነው፤ ለቦምብ መሸሸጊያ የተሠራ የምድር ቤት። ማዘጋጃ ቤቶች በሰላም ጊዜ ለልምምድ ይሰጡታል። ግድግዳው ሲሚንቶ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል። ብርድ ልብስና የአባቴን ጋቢ ዙሪያውን ሰቀልን፣ ተስተካከለ። ለአንዱ ዘፈን ግን ሆን ብለን ሁሉንም አወረድነው። ሙሾው ለተቀዳበት።

እናቴ ሙሾ ታወርዳለች። ታናሽ ወንድሟ በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ብሎ በሱዳን በኩል ወጣ፣ አልደረሰም። በዚያ መንገድ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ሰዎቻችን ቀርተዋል። እንድትቀዳልኝ ለመንኳት፤ ስድስት ወር እምቢ አለች። አንድ ቀን ራሷ ወርዳ መጣች። ማይኩን ሳታይ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች፦

ገባሽ ይሉኛል ወይ ከናፈቅኩት አገር፣
ልቤ ሱዳን ቀርቶ ካንተ ጋር ሲቀበር።

ከሥሩ ቀስ ያለ ከበሮና መሰንቆ ብቻ አስገባን። እኔ ራፕ የማደርገው እሷ ስትጨርስ ነው፣ ስምንት መስመር ብቻ። ከዚያ በላይ ድፍረት ይሆንብኝ ነበር።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት መጨረሻው ላይ ነው። ሰኔ 30 ቀን 2019 ቂርያት ሐይም ውስጥ የእኛው ልጅ ሰሎሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ገና ወጣት ነበር። አገሩ በሙሉ መንገድ ተዘጋ። እኔም በሁለት ቀን ስሙን አዝማች አድርጌ ዘፈን ጨረስኩ። ለእናቴ አሰማኋት። እስከ መጨረሻው አዳምጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «እናቱን አስፈቅደሃል ልጄ?»

አላስፈቀድኩም። ሐሳቡም አልመጣልኝ። እሷ ወንድሟን ለመቅዳት ስድስት ወር ፈጅቶባታል፤ እኔ የሌላ ሰውን ልጅ በሁለት ቀን። ሙሾ የሟቹ ቤተሰብ ነው፣ የአልቃሹ አይደለም። ጎንደር ለቅሶ ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እኔ ማይክ ስይዝ ረሳሁት። ስሙን አወጣሁ። በቦታው ባዶ ቢት ተውኩ፣ አራት ምት ዝም ይላል። ዛሬ መድረክ ላይ ያ ቦታ ሲደርስ ሰው ራሱ ስም ይጠራል። እያንዳንዱ የሚጠራው የራሱን ነው።

አልበሙ በዚያው ዓመት ለሲግድ፣ ለቤተ እስራኤል በዓል፣ ወጣ። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ «ድምፅህን ወደነዋል፣ ጭፈራ ያለበት ላክልን» አለኝ። አልላክሁም። ከእኛው ሰው የመጣው ወቀሳ ግን በጣም ከበደኝ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ገመናችንን አደባባይ አወጣህ አሉኝ። ወጣቶቹ ደግሞ አማርኛው አይገባንም አሉ። ለነሱ ትርጉም ከማያያዝ ይልቅ «እናታችሁን ጠይቋት» ብዬ መለስኩላቸው። ብዙዎቹ ጠየቁ። አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ስለ ሱዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወሩት በዚያ ምሽት እንደሆነ ጻፈችልኝ። ከደረሰኝ ምላሽ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

አንድ የማላውቀው ፖሊስም ጻፈልኝ። የእኛው ልጅ ነው። «ዩኒፎርሙን የለበስኩት እንዳይመቱን ብዬ ነው፤ አንተ ግን ከመቺዎቹ ጋር ደመርከኝ» ይላል። መስመሩን አውቃታለሁ። ፍርዷ የጅምላ ነበር። አልበሙ ላይ ወጥቷል፣ መመለስ አይቻልም፤ መድረክ ላይ ግን ከዚያ ወዲህ ብያት አላውቅም።

አባቴ ሙሉውን በአንድ ቅዳሜ ማታ ሰማው። ሲያልቅ «ድምፄን ከየት አገኘኸው?» አለኝ። በ1996 የሰማሁትን ነገርኩት። እንደሰማሁት አያውቅም ነበር። እናቴ ከማዕድ ቤት ብቅ አለችና፣ «ሙሾው ላይ አንድ ስንኝ ረስቻለሁ፣ ያለዚያ ወንድሜ ቅር ይለዋል» አለች። ጋቢዋን ደርባ ቁልፉን አንስታ ቀድማኝ ወደ ሚክላቱ ወረደች።