ሂሳቤን የከፈሉልኝ ፕሬዚዳንት

ዛሬ ጠዋት ጦሳ አልታየም። ጉሙ ተራራውን ውጦ እስከ ፒያሳ ወርዶ ነበር፤ እኔም ገና ከአልጋዬ ሳልነሳ ከፍቶኛል። በእንዲህ ያለ ቀን የደሴ ሰው ወይ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል፣ ወይ ሰው ወዳለበት ይሄዳል። የታች ሰፈሯን እማማ ትናንት ስለቀበርናቸው ሰው ያለው ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ሄድኩ። ይህን ደብተር የከፈትኩትም ስለ እሳቸው ጥቂት ልጽፍ ብዬ ነው።

ድንኳኑ እንደ ወትሮው ነው፤ ካርታ የሚጫወተው ይጫወታል፣ ንፍሮ የሚዘግነው ይዘግናል። ወሬው ከዘይት ዋጋ ተነስቶ ሹማምንት ላይ ደረሰ። አንዱ ከጥግ በኩል፣ ሰው ማለት ዶክተር ነጋሶ ነበሩ አለ። ሌላው፣ እንደ ማንኛችንም በታክሲ ሲሄዱ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ሰልፍ ይዘው ታክሲ ሲጠብቁ አይቷቸዋል። ይኼኔ አላስችል አለኝና የኔን አወጣሁ።

የኔን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ ስንት ጊዜ አሰልችቻችኋለሁ። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ዝናብ ነበር፤ የኮታቸው እርጥበት ትከሻዬን ነካው። ረዳቱ ሂሳብ ሲል እኔ ኪሴን ስዳብስ፣ እሳቸው እጄን ያዝ አድርገው የሁለታችንንም ከፈሉ።

ድንኳኑ አንገቱን ነቀነቀ። የእማማ የልጅ ልጅ፣ ያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሻይ ትሪ እንደያዘ ቆሞ ኖሯል።

«ጋሼ፣ መቼ ነበር?»

«በ1992» አልኩት ሳላስብ። አዲስ አበባ የኖርኩት ከ1990 እስከ 1993 ነዋ።

ልጁ በትሕትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በ1992 እኮ ገና ቤተ መንግሥት ነበሩ» አለኝ።

ልክ ነው። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከነሐሴ 1987 እስከ መስከረም 1994 ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከድርጅታቸው ጋር የተቆራረጡት በ1993 መጨረሻ ነው። የጡረታ ጥቅማቸው ከነመኪናው የቀረባቸው ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ በ1997 ምርጫ በግላቸው ተወዳድረው ከደምቢ ዶሎ ምክር ቤት ሲገቡ ነው፤ ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ይራቅ የሚል አዋጅ ቀድሞ ወጥቶ ነበርና። እንግዲህ በ1992 ትከሻዬን ያረጠበው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ርዕሰ ብሔር አልነበረም።

ሐጂ «አንተ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ዓመት አይቆጠርም!» ብለው አዳኑኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሻዩ ግን አልወረደልኝም።

ቤት ገብቼ ታሪኬን ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳወራው ፊት ወንበር ላይ ነበሩ፣ እኔ የኋላው ላይ። ከዓመታት በኋላ አንድ ረድፍ ቀርበውኛል። ሂሳቡን የከፈሉልኝ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በሚያዝያ 2011 ጀርመን አገር ካረፉ በኋላ ነው። ባለቤቴን ብጠይቃት ከሽንኩርቷ ቀና ሳትል «ያ የወንድምህ ታሪክ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ወንድሜ ጋ ልደውል ስልኬን አነሳሁና ተውኩት። እሱም ከሌላ ሰው የሰማው ቢሆንስ?

በሽታው የዘር ሳይሆን አይቀርም። አያቴ አይጠየፍ አዳራሽ ግብር በልቻለሁ ብላ ትምል ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ያ አዳራሽ ስሙን ያገኘው ሀብታም ከድኻ ሳይለይ፣ ሳይጠየፍ ሁሉ ስለሚበላበት ነው ይባላል። አያቴ የሥጋውን ስባት ሳይቀር ትነግረን ነበር። ንጉሡ ግን ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ እሷ ያኔ ገና አልተወለደችም። ስለ ሰገሌ አንድ ቀን አውርታልን አታውቅም። ከንጉሡ ለእኛ ቤት የተረፈው ግብሩ ብቻ ነው።

የነጋሶም እንዲሁ ሆነ መሰለኝ። ያው ድንኳን ውስጥ፣ የሰውየው ስም ከመነሳቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ ሕገ መንግሥቱ ሲወገዝ ነበር፤ አንቀጽ 39 ስንት እርግማን ጠጣ! ሕገ መንግሥቱን ያወጀው አዋጅ ቁጥር 1/1987 ግርጌ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ ያነሳ ግን የለም። ያጸደቀውንም ጉባኤ የመሩት እሳቸው ነበሩ። እርግማኑ ለወረቀቱ፣ ምርቃቱ ለሰውየው፤ ሁለቱ በአንድ ድንኳን ውስጥ ሳይተዋወቁ አመሹ። እኔም አላስተዋወቅኋቸውም፤ ለታክሲዬ ተራ እየጠበቅሁ ነበር።

ከእሳቸው ቀጥለው ፕሬዚዳንት የሆኑት መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ያረፉት በዚያው በ2011 ነው፣ በታኅሣሥ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ የፓርላማ ፕሬዚዳንት የነበሩ፣ ቤተ መንግሥት ሁለት የሥራ ዘመን፣ 12 ዓመት ሙሉ የተቀመጡ፣ ስለ ዛፍ ሲናገሩ የማይደክማቸው ሰው። ከድንኳናችን ግን አግኝቼያቸዋለሁ ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ሰውነታቸውን ያነሳ አለ፣ ችግኙን ያነሳ አለ፣ አበቃ። 12 ዓመት ከአንድ የታክሲ ወንበር እንዴት አነሰ? ምናልባት መቶ አለቃ ግርማ ምንም አልተወሰደባቸውም። ከነጋሶ ላይ መኪናው ሲነሳ በጎናቸው አንድ ባዶ ወንበር ተገኘ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ተራ በተራ እንቀመጥበታለን። በቁማቸው የነፈጋቸው መንግሥት ኋላ በክብር ሸኛቸው፤ እኛ ደግሞ ሂሳብ አስከፈልናቸው።

ሰውየው እኮ የታሪክ ምሁር ነበሩ! ፍራንክፈርት ላይ ዶክትሬታቸውን የሠሩት በሳዮ ኦሮሞ ታሪክ ነው። እንደኔ ያለ ምስክር ቢቀርብላቸው ደብተራቸውን አጥፈው በተነሱ።

ግን ያ እርጥብ ኮት የማን ነበር? ይህን ስጽፍ እንኳ ትከሻዬ ይቀዘቅዘኛል። የደሴ ብርድ ነው አትበሉኝ፤ ከሰል አቀጣጥያለሁ።

ገጹ ሊያልቅ ሦስት መስመር ቀርቶታል። አሁን መለስ ብዬ ሳየው ስለ እማማ ምንም አልጻፍኩም። ነገ ሠልስታቸው ነው፤ እንደ ቅርብ ጎረቤት አንድ ነገር ተናገር ማለታቸው አይቀርም። ምን ልል ነው? አንድ ዝናባማ ቀን ታክሲ ውስጥ ሂሳቤን ከፍለውልኛል?