የመረጃ አያያዝ ትምህርት ከካርድ ክፍሉ ይጀምር

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ተቋሞቻችን ዳታቤዝ (መረጃ በኮምፒውተር ተደራጅቶ የሚቀመጥበት ሥርዓት) የሚጠናባቸው መጻሕፍት በአብዛኛው ባሕር ማዶ የተዘጋጁ ናቸው፤ ምሳሌዎቻቸውም የቤተሰብ ስምን፣ የጎርጎርዮስን ቀን አቆጣጠርና የላቲንን ፊደል መነሻ ያደርጋሉ። ከመንዝ ወይም ከአንኮበር የመጣች ተማሪ ግን የአገሯን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ብታስብ ሌላ እውነታ ታገኛለች። ከስማችን ቀጥሎ የሚጻፈው የአባታችን ስም በመሆኑ እናትና ልጅ በመዝገብ ላይ በስም አይዛመዱም። ዓመታችንም 13 ወር አለው፤ 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ሶፍትዌር በጳጉሜን የተወለደን ሕፃን በትክክል ሊመዘግብ አይችልም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የፊደሉ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ቁጥር የሚሰጥ መስፈርት) መካተቱ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ መለያ ቁጥሮች ናቸው፤ ስለዚህ ኃይሉ ተብሎ የተመዘገበን ታካሚ ሌላ ሠራተኛ ሀይሉ ብሎ ሲፈልገው ካርዱ ላይገኝ፣ አዲስ ካርድ ሊወጣለትና የቀድሞ የሕክምና ታሪኩ ከሐኪሙ ዓይን ሊሰወር ይችላል። ስሙን እንደተጻፈ አስቀምጦ፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን ለፍለጋ ብቻ የሚያስተካክል ሌላ ቅጂ ማዘጋጀት ይቻላል። (የሰውን ስም አጻጻፍ ከመዝገቡ ላይ መለወጥን ግን አልደግፍም።)

የመመረቂያ ጥናት ርእስ የሚመርጡ ተማሪዎች በደብረ ሲና ወይም በመሐል ሜዳ ከካርድ ክፍል ሠራተኞች አጠገብ ተቀምጠው፣ የታካሚዎችን ምስጢር ሳይነኩ፣ ስሞች እንዴት እንደሚጻፉና እንደሚፈለጉ ቢያጠኑ፣ መምህራንም ይህን እንደ ሙሉ ምርምር ቢቆጥሩት ምኞቴ ነው።