በሰይቼንቶ ወደ ቁስቋም

ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ ዳገት ይበዛዋል። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ባጃጆቹ በግራ በቀኝ እየተሹለከለኩ ጥለውን ይሄዳሉ። አንዱ ከኋላ ሦስት ሰው፣ ከሹፌሩ አጠገብ አንድ ልጅ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ የታሰረ ፍራሽ ይዟል። ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

የመጣሁት ለትንሽ መኪና፣ ሰይቼንቶ (በጣሊያንኛ ስድስት መቶ) ለምትባለው ፊያት 600 ነው። አንድ የጎንደር ወዳጄ "እኛ ሰፈር አሮጌ ሰይቼንቶ አለች፤ እስካሁን ትነዳለች" ካለኝ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። የፋሲል ግንብ የትም አይሄድም። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው? እሷ ግን ነገ ከነገ ወዲያ ለላሜራዋ ልትሸጥ ትችላለች።

መኪናዋ ያለችው ከፒያሳ ወረድ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። "አባባ፣ ላያት እችላለሁ?" ስላቸው "ማየት ምን ያደርግልሃል፤ ግባባት እንጂ!" አሉኝ።

የበሩ እጀታ በፊት በኩል ነው። በሩ የሚከፈተው ወደ ኋላ ነዋ። ፊያት 600 እስከ 1964 ድረስ የተሠራችው እንደዚህ ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ለመግባት ይመቻል፤ እየሄደች ከተከፈተ ግን ነፋሱ በሩን ይዞት ይሄዳል። ሞተሯ ከኋላ ነው። ከፊት ኮፈኑን ሲያነሡልኝ ያየሁት የቤንዚን ታንከር፣ ባትሪና ስኮርታ ነው። ቀለሟ በብሩሽ ተቀብቷል፣ የብሩሹ ፀጉር ሁለት ሦስት ቦታ ላይ እንደተጣበቀ ቀርቷል። የማርሹ ዘንግ ጫፍ ጠፍቶ በምትኩ ከወይራ የተጠረበ ድቡልቡል እንጨት ተሰክቶበታል። ከፋብሪካው ይልቅ ይሄኛው ለእጅ ይመቻል፣ እውነቴን ነው።

ይህችን መኪና የነደፈው ዳንቴ ጃኮዛ የሚባል መሐንዲስ ነው። ከእሷ በፊት ቶፖሊኖ የምትባለውን የመጀመሪያዋን ፊያት 500 ነድፏል። ቶፖሊኖ ለገበያ የወጣችው በ1936 ነው፤ የጣሊያን ጦር ጎንደር የገባውም በዚያው ዓመት። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ይዞታ እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ነው፣ በኅዳር 1941። ፒያሳ ላይ የሠሯቸው ሕንፃዎች ግን አሁንም አሉ፤ ስማቸው የጋራዥ ዕቃ ላይም አልጠፋም። 600 የመጣችው ከዚያ በኋላ፣ በ1955 ነው። ጦርነት ያደቀቀው አገር ሕዝብ ከሞተር ሳይክል ወርዶ ጣሪያ ያለው ነገር ውስጥ እንዲገባ ታስባ። ርዝመቷ ሦስት ሜትር ከሃያ ገደማ፣ የመጀመሪያዎቹ ሞተር 633 ሲሲ። አዲስ አበባ ላይ ስንቱን ታክሲ ሆና እንዳመላለሰች የዚያ ዘመን ሰው ይንገራችሁ።

ሰይቼንቶ በዘመኗ ካሉት ትንንሾች መካከል እንደውም ቅንጡዋ ነበረች። ኢሴታ የምትባለውን ትንሽ መኪና ያየ ይህን ያውቃል። እሷም የጣሊያን ልጅ ናት፣ በኋላ ቢኤምደብሊው ፈቃድ ገዝቶ በ1955 ማምረት ጀመረ። ያላት አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም ፊቷ ነው። ፊቷ ሲከፈት መሪው አብሮ ይወጣል። አፍንጫዋን ከግንቡ አጥር ጋር አስጠግታችሁ ካቆማችኋት መውጫው በላይ በሸራው ጣሪያ ነው። የጀርመኑ አውሮፕላን ሠሪ ሜሰርሽሚት ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ አውሮፕላን እንዳይሠራ ሲከለከል ሰው ከፊትና ከኋላ ተደርድሮ የሚቀመጥባት፣ ክዳኗ እንደ ተዋጊ አውሮፕላን ወደ ጎን የሚነሣ ባለ ሦስት ጎማ መኪና ይዞ መጣ። ወደ ኋላ ለመሄድ ሞተሩ ይጠፋና በተቃራኒው አቅጣጫ ዞሮ ይነሣል። ፒል ፒ50 የተባለችው የማን ደሴት (በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ያለች ደሴት) ጉድ የኋላ ማርሽ የሚባል ነገር ጭራሽ የላትም። ወርደህ፣ ከኋላ ባለው እጀታ አንሥተህ ታዞራታለህ። ክብደቷ 59 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ይበልጣታል።

ለአባባ ይህን ሁሉ ሳወራላቸው "ወሬውን ተወውና ግፋ" አሉኝ። ባትሪው ደክሟል። ቁልቁለት ስለሆነ ብዙም አላስቸገረችኝ፤ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርጉ ተነሣች። ሮጬ ገባሁ። ሕፃናት ከኋላችን እየጮሁ ተከተሉን።

ወደ ጥምቀተ ባሕር ወረድን። የፋሲል መዋኛ በር ላይ ስንቆም በመኪናዋ ፎቶ ለመነሣት የመጣው ሰው ግንቡን ረሳው። እዚያው ያየኋቸው ጎብኚ አዛውንት ግን ሆዴን በሉት። ከከተማ በእግራቸው መጥተው ጉልበታቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከግቢው እስከዚህ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መመለሱ ደግሞ ዳገት። ለእንዲህ ያለ ቦታ የባትሪ ጎልፍ ካርት ቢኖር ብዬ አሰብኩ። ጎልፍ ካርት የሀብታም መጫወቻ ብቻ አይደለም። ሃርሊ ዴቪድሰን ራሱ፣ ያ ጎርናና የሞተር ሳይክል ኩባንያ፣ ከ1963 እስከ 1982 ድረስ ባለ ሦስት ጎማ ጎልፍ ካርት ይሸጥ ነበር። የባትሪው ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ ከቅርስ አጠገብ ለመንቀሳቀስ ከእሱ የተሻለ የለም። ብቻ እንደ አሜሪካኖቹ በጌጥ አብዶ፣ ማማና ጉልላት ተለጥፎበት፣ ትንሽ ፋሲል ግንብ ሆኖ እንዳይመጣብን እንጂ። እሱ ላይ ሰው ሲያየኝ አልሳፈርም።

ከዚያ አባባ "ቁስቋምን ሳታይማ አትሄድም" አሉ። የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ያለው ከፍታ ላይ ነው። እኔ የፈራሁት ነገር አልቀረም። የሰይቼንቶ ራዲያተር ከኋላ ከሞተሩ ጎን ስለሆነ ከፊት የሚመጣው ነፋስ በቀጥታ አያገኘውም። በዚያ ላይ ዕድሜ አለ፣ በዚያ ላይ የእኔ ኪሎ አለ። አጋማሹ ላይ እንፋሎት ወጣ። አባባ ምንም አልደነገጡም። መኪናዋን ዳር አስያዙ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ፣ የኋላውን ክዳን ከፍተው በዱላቸው ደገፉት፣ ውሃ ያለበትን ጄሪካን ከኋላ ወንበር አወጡ። "እስክትበርድ እኔ እጠብቃታለሁ። አንተ በባጃጅ ቅደም።"

"ወንድም ዓለም፣ ግባ!" አለኝ የባጃጁ ልጅ። ከአጠገቡ ተቀመጥኩና እጁን ማየት ጀመርኩ። በግራ እጁ ፍሪሲዮኑን ይዞ ያንኑ እጀታ ጠምዘዝ ያደርጋል፣ ማርሹ ይገባል። በቀኙ ነዳጅ ይሰጣል። ፍሬኑ በእግር ነው። ይሄ የቬስፓ አነዳድ ነው። የቬስፓ ሠሪ የሆነው የጣሊያኑ ፒያጆ አስቀድሞ አውሮፕላን ሠሪ ነበር። ፋብሪካው በጦርነቱ ሲወድም ሄሊኮፕተር ይነድፍ የነበረው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ በ1946 ቬስፓን አመጣ፤ በ1948 ደግሞ ከኋላ አንድ ጎማ ተጨምሮላት አፔ የምትባል ባለ ሦስት ጎማ ጭነት ተሸካሚ ሆነች። የሕንዱ ባጃጅ ቬስፓን በፒያጆ ፈቃድ ሲሠራ ኖሯል፤ ባለ ሦስት ጎማውም ከዚያው ዘር ነው። አውሮፓ ኢሴታዎቹን ሙዚየም አስገብቶ በውድ ይጫረትባቸዋል። እኛ የአጎታቸውን ልጅ ገበያ እንጭንበታለን፣ ሙሽራ እንወስድበታለን፣ ሲሰበር እዚያው መንገድ ዳር እንፈታዋለን። ለእኔ ሕያዋ ትንሽ መኪና ይቺ ናት።

ለልጁ ይህን ስነግረው "አውሮፕላን?" ብሎ ሳቀ። "ታዲያ ቤንዚኑን ለምን እንደ አውሮፕላን አያቆይልንም? ስንት ሰዓት ሰልፍ ይዘን ነው የምንቀዳው!"

ቁስቋም በር ላይ አወረደኝና መቶ ሃምሳ ብር አለ። ከፈልኩ። ፍርስራሹን ዞሬ፣ ሰንፔር የመሰለውን ሰማይና ከታች የተዘረጋችውን ከተማ አይቼ ስመለስ ሰይቼንቶዋ ክዳኗን በዱላ እንደተደገፈች እያዘገመች ደረሰች። አባባ ከመሪው ላይ ሳይወርዱ አንገታቸውን አወጡ።

"ስንት አስከፈለህ?"

ነገርኳቸው።

"ተበልተሃል ልጄ" አሉ። "ና ግባ፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው።"