ኮምፒውተሩ የዘገየው ለማን ነው?

ልጄ ጥያቄዋን ያነሳችው ማታ ሁላችንም ሳሎን በተሰበሰብንበት ነው። "እማዬ፣ የኮምፒውተሩን ግራፊክስ ካርድ እንቀይረው" አለች። አባቷ ቀና ብሎ አየኝ። ትንሹ ወንድሟ እኔ መልስ ሳልሰጥ "አዎ! አዎ!" ማለት ጀመረ። እሺም እምቢም አላልኩም። "እስቲ ልየው" አልኩ። ያ "እስቲ ልየው" ሁለት ሳምንት ፈጀ። ዛሬ ወስነናል። እንዴት እንደወሰንን ሳልረሳው ልጻፈው።

ኮምፒውተሩ የሁላችንም ነው። ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ፕሮሰሰሩ (ዋናው የስሌት ክፍል) ኮር አይ5-4590 ነው፤ አራት ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ አራት ክፍሎች አሉት። ራሙ (የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ለጊዜው የሚይዘው ሜሞሪ) 8 ጊጋባይት ነው፤ እሱም አንድ ፍሬ ብቻ። ሃርድ ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። ምስሉን የሚስለው ግራፊክስ ካርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ነው።

ይህን ካርድ ያስገባው ትልቁ ልጄ ነው። ሠርቶ ባገኘው የመጀመሪያ ገንዘብ ገዛው። ሲገጥመው የስልኬን መብራት ይዤ ያበራሁለት እኔ ነበርኩ። "ጠቅ" ብሎ ቦታው እስኪገባ ድረስ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። ዛሬ እሱ ከቤት ወጥቶ የራሱን ኑሮ ይኖራል። ካርዱ ግን እዚሁ አለ። ስለዚህ ልጄ "እንቀይረው" ስትል ውስጤን ቅር ያለው ነገር ነበር። አልደብቀውም። ግን እንዲወስንልኝም አልፈቀድኩለትም።

መጀመሪያ የጠየቅኩት "የቱን ካርድ እንግዛ?" ብዬ ነው። ሦስት ምሽት ሙሉ ስለ ካርዶች ሳነብ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ነው ጅማሬዬ ስህተት መሆኑ የገባኝ። ሁላችንም "ይህ ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ" እንላለን። ማን ምን ሲሠራ ነው የሚንቀራፈፈው? እዚህ ቤት ይህን የጠየቀ ሰው የለም።

ስለዚህ ማንበቡን ትቼ በየተራ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመርኩ። የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፍቼ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ።

መጀመሪያ አባታቸው። እሱ ኮምፒውተሩን የሚፈልገው ለኤክሴልና ለደብዳቤ ነው። ቅሬታው አንድ ነው፤ "እስኪነሳ ድረስ ሰው ያረጃል" ይላል። ጠዋት ሲከፍተው አብሬው ተቀመጥኩ። ዲስኩ ለአራት ደቂቃ ያህል 100 በመቶ ላይ ቆመ። ፕሮሰሰሩ አልተጨነቀም። ግራፊክስ ካርዱ 2 በመቶ ላይ ነበር። የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ነገር ለማንበብ ጭንቅላቱ እቦታው ድረስ መሄድ አለበት። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በጣም ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ይጠይቃል። ጊዜው የሚያልቀው በፍለጋ ነው። ምርጥ የተባለው ካርድ ቢገባበት እንኳ የሱ ጠዋት በአንዲት ሰኮንድ አያጥርም።

ቀጥሎ ትንሹ። እሱ የሚጫወተው ማይንክራፍት ነው፣ የጃቫውን። "ይቆራረጥብኛል" ይላል። እዚህ ላይ በጣም የጠቀመኝን አንድ ሙከራ አደረግን። የጌሙን የምስል ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 አወረድነው። የመጀመሪያው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ ሁለተኛው አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ግራፊክስ ካርዱ የሚደክመው እነዚህን ነጥቦች በመሳል ነው። የደከመው እሱ ከሆነ ሸክሙ ከግማሽ በታች ሲወርድ ጌሙ መፍጠን አለበት። አልፈጠነም። እንደዚያው ቆረጥ ቆረጥ ማለቱን ቀጠለ። የፕሮሰሰሩን ኮሮች ለየብቻ ስናያቸው አንዱ ጥግ ደርሷል፣ ሦስቱ ዘና ብለዋል። ራሙ ደግሞ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ከጌሙ ጋር ብራውዘር ከፍቶ ነበር የሚጫወተው። "የኔ ልጅ፣ ካርዱ ላንተ መልስ አይደለም" አልኩት። ደስ አላለውም። ወረቀቱን አሳየሁት። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ካየ በኋላ "ታዲያ ራም ይጨመርልኝ" አለ። እሱ ትክክል ነው።

በመጨረሻ ልጄ። እሷ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ሥዕል ፕሮግራም ላይ ቤት እየሠራች ነው። ደረጃው፣ መስኮቶቹ፣ ከመስታወቱ ኋላ ያለው መጋረጃ። እይታውን ልታዞረው ስትሞክር ምስሉ ይቆምና ይዘላል። አንዷን ምስል ሬንደር ለማድረግ፣ ማለትም አስልቶ ጨርሶ ለማውጣት፣ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ታስክ ማናጀሩ ላይ ካርዱ ጥግ ነው። የካርዱ የራሱ ሜሞሪ 2 ጊጋባይት ነው፤ እሱም ሞልቷል። ፕሮሰሰሩና ዲስኩ ግን ጸጥ ብለዋል። እዚህ ላይ ካርዱ በእርግጥ አቅሙ አልቋል። ልጄ ሜሞሪው እንዲበቃላት ብላ ያወጣቻቸውን ነገሮች ነገረችኝ። ዛፎቹን አውጥታለች። የግድግዳውን ምስል ጥራት ቀንሳለች። የሠራችውን በራሷ እጅ እያጠፋች ነበር። ይህን ስሰማ አዘንኩ። ለካ ጥያቄዋን ያቀረበችው ብዙ ከታገሰች በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ሳጥኑን ከፈትነው። (እኛ ቤት ሙሉ ሳጥኑን "ሲፒዩ" ነው የምንለው። ትልቁ ልጄ "ሲፒዩ ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው" እያለ ስንት ጊዜ አርሞናል።) ከሶኬት ነቅለን፣ ጎኑን ፈትተን ስናየው የካርዱ ፋን አቧራ ጠጥቶ ግራጫ ሆኗል። ሲሠራ የካርዱ ሙቀት 86 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ግራፊክስ ካርድ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አወጣነው። ስናጸዳ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዝነው። ከካርዱ ቺፕ ላይ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) ጠርገን አዲስ ቀባን። ሙቀቱ ወደ 69 ወረደ። 40 ደቂቃ የሚፈጀው ሬንደር 34 ሆነ። ካርድ ለመቀየር የሚያስብ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል።

ግን 34 ደቂቃም ብዙ ነው። 2 ጊጋባይቱም አልሰፋም። ስለዚህ ወደ ካርድ ምርጫው ተመለስኩ። አሁን ግን የማን ካርድ እንደሆነ አውቃለሁ።

መንገዱን ያጠበበው ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። የተለጠፈበት ወረቀት 300 ዋት ይላል። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ኬብል የለውም። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚያያዝበት ሰሌዳ) ስሎት ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚበላ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ኬብል ይፈልጋል። ከሌላ ኬብል ላይ ቀጥሎ የሚያወጣ አዳፕተር አለ። እሱን አልፈለግሁም። ሌሊት ሁላችንም ተኝተን ሬንደር የሚያደርግ ኮምፒውተር ውስጥ የሚግል ኬብል አላስቀምጥም። ስለዚህ ጣሪያችን 75 ዋት ነው።

ከ75 ዋት የማያልፉት ካርዶች ብዙ አይደሉም። ብዙ ሰው የሚመክረው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይን ነው። ጥሩ ካርድ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. የ2016 ነው። ሠሪው ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ ከኦክቶበር 2025 በኋላ የሚሰጠው የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። የኛም 750 ቲአይ ዕጣው ያው ነው። ያገለገለ ሲገዛ ደግሞ ሌላ ስጋት አለ። አሮጌ ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ በ1050 ቲአይ ስም ሲሸጥ ታይቷል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ሐሰተኛ ካርድ ለይቶ ያሳያል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከፍሎ ከመሄዱ በፊት ይህን ያሠራው።

የኤኤምዲ አርኤክስ 6400 የሚበላው 53 ዋት ብቻ ነው። ሳየው ልቤ ሄዶ ነበር። ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ነው። መስመሮቹ ለአራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርድና ማዘርቦርድ የሚገናኙበት መንገድ) የታሰቡ ናቸው። የኛ ሦስተኛ ትውልድ ነው፤ ስለዚህ የመንገዱ ስፋት በግማሽ ይቀንሳል። የኢንቴል አርክ ኤ380 ደግሞ ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በአንዴ እንዲያገኝ የሚያደርገውን ነገር ይፈልጋል። እሱ ከሌለ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል፤ የኛ ማዘርቦርድ ደግሞ የለውም። ጂቲኤክስ 1650 ይሆናል፤ ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ነው። አርቲኤክስ 3050 ደግሞ ሁለት ዓይነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ 70 ዋት ብቻ ይበላል፤ ባለ 8ቱ ግን የኛን ጣሪያ ያልፋል። ስሙ አንድ ስለሆነ መሳሳት ቀላል ነው። ካየኋቸው ውስጥ ለልጄ ሥራ ባለ 6 ጊጋባይቱን የሚያህል የለም። የብርሃንና የጥላ ስሌት የሚሠራለት የራሱ ክፍል አለው፤ ብሌንደርም ይጠቀምበታል። ሜሞሪውም ካላት ሦስት እጥፍ ነው።

አንድ ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ሞኒተሩ ነው። ሞኒተራችን የሚሰካው በዚያ ሰማያዊ፣ ባለ 15 ፒኑ ቪጂኤ ኬብል ነው። ሌላ መሰኪያ የለውም። አዲሶቹ ካርዶች ቪጂኤ የላቸውም። ኤችዲኤምአይን ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ካርዱን ገዝተን አምጥተን፣ የሚሰካበት ጠፍቶን ስንተያይ ይታየኝ ነበር።

ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ለዚህ ኮምፒውተር ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ? ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህን ፕሮሰሰር አይቀበልም፤ የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዝርዝር በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ ነው የሚጀምረው። የኛ አራተኛ ነው። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም እንጭንበታለን፤ ብሌንደርም ማይንክራፍትም እዚያ ላይ ይሠራሉ። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው እየሄደ ነው።

ያኔ ወረቀቱን ገልብጬ ከጀርባው ሌላ ዝርዝር ጻፍኩ። ይህ ኮምፒውተር ቢያርፍ ወደሚቀጥለው የትኛው ዕቃ አብሮን ይሄዳል? በሚሽከረከረው ዲስክ ፈንታ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ብንገዛ ይሄዳል። አዲሱ ግራፊክስ ካርድ ይሄዳል። ራሙ አይሄድም፤ ዲዲአር3 የሚባለው የድሮ ዓይነት ነው፣ አዲሶቹ ማዘርቦርዶች ላይ አይገባም። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ብንገዛም ምናልባት ይሄዳል፣ ግን 75 ዋት ውስጥ ከቆየን አሁን አያስፈልገንም። ይህን ስጽፍ ነው ጭንቀቴ የቀለለኝ።

ስለዚህ እንዲህ አደረግን። መጀመሪያ ኤስኤስዲ ገዛን። ከምንም በፊት ግን በአሮጌው ዲስክ ላይ ያሉትን የቤተሰብ ፎቶዎች ሁለት ቦታ ገለበጥን። አሁን አባታቸው ከፍቶ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ኮምፒውተሩ ተነስቶ ይጠብቀዋል። ለትንሹ ያገለገለ ሁለተኛ ፍሬ 8 ጊጋባይት ራም ጨመርን። ጌሙ ሙሉ በሙሉ ባይስተካከልም መቆራረጡን ቀንሷል፤ የቀረው የፕሮሰሰሩ ጉዳይ እንደሆነ እሱ ራሱ ለጓደኛው በስልክ ሲያስረዳ ሰማሁት።

ካርዱንም እንገዛለን። ባለ 6 ጊጋባይቱን። ለልጄ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ "እማዬ፣ ለሌላው ሰው ሳይጠቅም ለኔ ብቻ?" አለችኝ። አዎ፣ ላንቺ ብቻ አልኳት። ኤስኤስዲው ለአባትሽ፣ ራሙ ለወንድምሽ፣ ካርዱ ላንቺ።

ማታ ለትልቁ ልጄ ደወልኩ። "ያቺ ካርድ እስካሁን ትሠራለች?" ብሎ ገረመው። አጽድተን አዲስ ፔስት እንደቀባንላት ነገርኩት። ስትወጣ እንዳትጣል አለኝ፤ ቪጂኤ ስላላት ሌላው ቢበላሽ ለመፈተሻ ትሆናለች። ለካ እኔም የምጥልበት አንጀት የለኝም። ማስቀመጫዋን ካርቶን ፈልጌ አውጥቻለሁ።

ቅዳሜ እንገጥመዋለን። ልጄ እኔው እገጥመዋለሁ ብላለች። የስልኬን መብራት የምይዘው አሁንም እኔ ነኝ።